መንኰራኵርና ዋልካ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ወረታ የጐዳና መገናኛ ናት፤ አንዱ መንገድ በአዲስ ዘመንና በእንፍራዝ አድርጎ ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ያቀናል፤ ከዚያም ጋይንትን አቋርጦ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና ሐይቅ የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ዐይነት አገር ያያል። ይህም ፎገራ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሳለ እንደ ገበታ የተስተካከለ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ እየወረዱ፣ በየክረምቱ የደጋውን አፈር ጠርገው አምጥተው በዚህ ሜዳ ያነጥፉታል። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀችው፣ በቅርብ ዘመንም ሩዙ የበቀለው በዚሁ አፈር ነው።

ይህ አፈር ለከብትና ለአዝመራ እናት ሲሆን ለመንኰራኵር ባላጋራ ነው። ባላገሩ ዋልካ ይለዋል፤ መረሬ የሚሉትም አሉ፤ የአፈር ሊቃውንት ደግሞ ቬርቲሶል የሚል ስም ሰጥተውታል። ጠባዩ ሁለት ነው። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የጥጃ እግር እስኪውጥ ድረስ ይሰፋል። በክረምት ግን የሸክላው ቅንጣት በውስጡ ባሉት እጅግ ስስ ንጣፎች መካከል ውሃ እየሳበ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ምድሩም እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። በዚያን ጊዜ መኪና ቢገባበት የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። ጭቃው በጎማው ጥርሶች መካከል ይሞላል፤ ጎማው እንደ በርሜል ልሙጥ ይሆናል፤ ነጂው ነዳጅ ሲጨምር መንኰራኵሩ በስፍራው ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከርም ጕድጓዱን ይቈፍራል፤ በመጨረሻ ሻሲው በጭቃው ላይ ይተኛል። በሬው ግን በዚያው ጭቃ ውስጥ ያልፋል። ኮቴው ስንጥቅ ስለ ሆነ ሲረግጥ ይከፈታል፣ ሲያነሣ ይገጥማል፤ ሲገጥምም በጎኑ አየር ስለሚያስገባ ጭቃው ምጎ አያስቀረውም። ይህን ብልሃት ያሰበ የጎማ ፋብሪካ እስካሁን አልሰማሁም።

እንግዲህ መንኰራኵር ከዋልካ ጋር ሲገናኝ የሰው ልጅ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ምድሩን ለመንኰራኵሩ ማመቻቸት ነው፤ ይህም መንገድ መሥራት ይባላል። ሁለተኛው መንኰራኵሩን ራሱን ለምድሩ እንዲስማማ አድርጎ ማበጀት ነው። በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፤ ብዙም ተጽፎለታል። ሁለተኛውን እጅግ ያራቀቁት ግን እኛ የጨዋታ ሰዎች ናቸው ብለን የምናልፋቸው የራሊ መኪና መሐንዲሶች ናቸው። ራሊ ማለት በተራ የገጠር መንገድ፣ በኰረኰንች፣ በአቧራ፣ በጭቃና በበረዶ ላይ እያንዳንዱ መኪና በሰዓት እየተለካ የሚወዳደርበት እሽቅድምድም ነው። የፎገራን ታሪክና የእነዚህን ሰዎች ሥራ ጎን ለጎን አድርጎ መመልከት ለእኛ ጥቅም አለው ብዬ ስለማምን፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ጊዜ እንድትታገሠኝ እለምናለሁ።

ምድሩን ለመንኰራኵር ከማመቻቸት ታሪክ ዋነኛው የተፈጸመው ከፎገራ በላይ ባለው ደጋ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍና ሠረገላ ያሠሩ እንደ ነበር ይታወቃል። ከተሠሩት ሁሉ ታላቁ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነበር፤ ክብደቱም 7 ቶን ያህል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህን መድፍ በሠረገላ እያስጐተቱ፣ ገደሉን እያስናዱ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። የሚጐትተው ሰው በመቶ የሚቈጠር ነበር። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የፈጀው ይህ ጕዞ በአገራችን የመንገድ ሥራ ታሪክ አቻ የለውም። ነገር ግን የመሐንዲስ ዐይን ላለው ሰው ሌላም ነገር ይታያል። የሠረገላው መንኰራኵር ሞላ ወይም ባሌስትራ የለውም፤ ድንጋይ ሲያገኝ ሙሉ ክብደቱ ይነሣል፣ ሙሉ ክብደቱም ይወድቃል። ስለዚህ ምድሩ ፍጹም መስተካከል ነበረበት። ወራቱም በጋ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባልሠመረ ነበር።

ሞተር ያለው መኪና ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ አምጥቶታል። ወደ ጣና ዙሪያ ግን መኪና በብዛት የገባው በሰላም አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ የጭነት መኪናዎች ያሉት ፈጣን ጦር እየመራ ከአሥመራ ተነሥቶ፣ በኦምሐጀር በኩል ዞሮ መጋቢት 23 ቀን ጎንደር ገባ። ከዚያም በሚያዝያ ወር ወደ ባሕር ዳርና ወደ ደብረ ታቦር ዘለቀ። ስለዚህ ዘመቻ ስታራቼ ራሱን የሚያወድስ መጽሐፍ አሳትሟል። የወረራው ግፍ በሌላ ስፍራ በሰፊው የተነገረ ስለ ሆነ እዚህ አልደግመውም፤ የእኔ ነገር መንኰራኵሩ ነው። ያ ጦር ፈጣን የተባለው በምን ኃይል ነበር? ከፊቱ መንገድ የሚጠርጉ ሰዎች ነበሩት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ዋልካው እንደ ሸክላ የሚደርቅባቸው ወራት ናቸው። ያው ዘመቻ በሐምሌ ቢሆን ኖሮ የመጽሐፉ ርእስ ሌላ በሆነ ነበር።

ይህን የምለው በግምት ብቻ አይደለም። ከ5 ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ምስክር ነው። በ1933 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ በደብረ ታቦር የነበረው የጣልያን ጦር እጁን ሰጠ። ከደብረ ታቦር እስከ ጎንደር ያለው ርቀት ለመኪና ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ጎንደር ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከፎገራ በስተሰሜን መንገዱን የሚዘጋው የቍልቋል በር ምሽግ የተያዘውም ከዚያው በፊት በ6 ቀን፣ ኅዳር 12 ቀን ነበር። በሰኔና በኅዳር መካከል የነበረው ክረምት ነው። አርበኞቻችን በእግርና በበቅሎ ጠላትን እረፍት ሲነሡት፣ በመኪና የሚጓዘው የእንግሊዝ ጦር ምድሩ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ሆነበት።

ከዚያ ዘመን የቀረልን አንድ ቅርስ አለ፤ እርሱም ቃል ነው። ዛሬ በወረታ ጋራዥ ውስጥ ገብቶ የሚያዳምጥ ሰው ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፍሬን ሲባል ይሰማል፤ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። ባሌስትራ በመሠረቱ የቀስት ስም ነው፤ የብረቱ ቅርጽ ቀስት ስለሚመስል ተሰጠው። ባለ እጆቻችን ግን ከቃሉ አልፈው ሄደዋል፤ የተሰበረውን ባሌስትራ በወናፍ አግለው ማረሻና ማጭድ ያደርጉታል። ብረቱ መታጠፍን የለመደ ጥሩ ብረት ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምርጫ ልለፍ። ከዚህ በኋላ የውጭውን አገር ነገር ስናገር ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ራሊ የሚለው ቃል መሰብሰብ ማለት ነው፤ በ1911 ከልዩ ልዩ የአውሮፓ ከተሞች የተነሡ ነጂዎች በሞንቴ ካርሎ ተሰብስበው ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣ። ለእኛ የሚቀርበው ግን በጎረቤታችን የተጀመረው ነው። በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል መታሰቢያ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች የተጀመረው ውድድር በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ተባለ። የሚደረገው በፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ፋሲካም በዚያ አገር የዝናም መግቢያ ነው። መሬቱም ከፎገራ ጋር ወንድም የሆነ ጥቁር አፈር የበዛበት ነው። ውጤቱን ቍጥር ይናገር፦ በ1963 ከ80 በላይ መኪናዎች ተነሥተው 7 ብቻ ፈጸሙ፤ በ1968 ደግሞ ከ90 በላይ ተነሥተው አሁንም 7 ብቻ ፈጸሙ።

እነማን ፈጸሙ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ባለ ታላቅ ሞተሮቹ አይደሉም። ፎልክስዋገን በ1954፣ በ1957ና በ1962 አሸነፈ፤ ፔዦ 404 በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸነፈ። ሁለቱም በአዲስ አበባ መንገድ አባቶቻችን የሚያውቋቸው ተራ የቤተ ሰብ መኪናዎች ናቸው። ፎልክስዋገን ሞተሩ ከኋላ፣ በሚነዱት መንኰራኵሮች አናት ላይ ስለ ተቀመጠ ክብደቱ ራሱ ጎማውን ከመሬቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚደፈን ራዲያቶር የለውም፤ ሆዱም ልሙጥ ስለ ሆነ ጭቃው ሲይዘው እንደ ጀልባ ይንሸራተታል። ፔዦ ደግሞ ጥንካሬው በሞላው ረጅም እንቅስቃሴና በአካሉ ጽናት ነበር። በ1965 ያሸነፈው የኬንያው ተወላጅ ጆጊንደር ሲንግ የነዳውም ያገለገለ የቮልቮ መኪና ነበር። ከዚህ የምንረዳው መንገዱ በከፋ ቍጥር የሚፈረደው በፈረስ ጕልበት ሳይሆን በክብደት አቀማመጥ፣ በሞላና በትዕግሥት መሆኑን ነው።

ከ1980 በኋላ ግን የጕልበት ዘመን መጣ። አውዲ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ኳትሮ የተባለውን፣ በአራቱም መንኰራኵሮች የሚነዳ ቱርቦ ያለው መኪና አወጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በራሊ ዓለም ሁለት መንኰራኵር ብቻ የሚነዳ መኪና ያረጀ ነገር ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በልሙጥ መሬት ላይ እያንዳንዱ ጎማ የሚችለው የመግፋት ኃይል ውስን ስለ ሆነ፣ ጕልበቱን ለሁለት ከማካፈል ለአራት ማካፈል ይሻላል። ይሁን እንጂ ሳፋሪ ላይ ነገሩ እንደ ታሰበው አልሆነም። በ1984፣ በ1985ና በ1986 ተከታትሎ ያሸነፈው በኋላ ሁለት መንኰራኵሮች ብቻ የሚነዳው ቶዮታ ሴሊካ ነው፤ አውዲ በዚያ ምድር ለማሸነፍ እስከ 1987 ጠበቀ። የሚሰበር ዕቃ በበዛ ቍጥር ረጅም መንገድ ይቀጣል። አራት መንኰራኵር ይነዳል ሲባል ሁሉም ነገር ተፈታ ብለን ለምናምን ለእኛ ይህ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው።

አሁን ያለው የራሊ መኪና እንዴት እንደ ተሠራ ጥቂት ልዘርዝር። ከ2022 ጀምሮ በዓለም ውድድር ከፍተኛውን ደረጃ የያዘው መኪና አጽሙ ከብረት ቧንቧ የተበየደ ነው፤ ይህ አጽም ነጂውን ከአደጋ ይጠብቃል፤ ከዚያም በላይ አካሉ እንዳይጠማዘዝ ያደርጋል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ አካሉ ራሱ የሚጠማዘዝ መኪና ሞላው ምን ያህል ቢያምር ሥራውን በትክክል ሊሠራ አይችልም። ሞተሩ 1.6 ሊትር ብቻ ነው፤ ቱርቦ አለው፤ የሚስበውም አየር በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ በደንብ ተወስኖበታል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮለት ነበር፤ በ2025 ግን ተነሣ፤ ዝቅተኛው ክብደትም ከ1,260 ወደ 1,180 ኪሎ ወረደ። ቀድሞ በመካከል የነበረውና በኮምፒውተር የሚታዘዘው ዲፈረንሲያልም ቀርቷል፤ የፊቱና የኋላው አሁን በቀጥታ ተያይዘዋል። የዓለም ሊቃውንት ከብዙ ብልሃት በኋላ ወደ ቀላልነት ሲመለሱ ማየት ያስደስታል።

የሥራው ልብ ያለው ግን በሞላውና በአሞርዛተሩ ላይ ነው። ሞላ የመሬቱን ምት ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ያስቀመጠውን መልሶ ስለሚሰጥ ብቻውን ቢተው መኪናው እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ጎማውም ግማሹን ጊዜ በአየር ላይ ይውላል። በአየር ላይ ያለ ጎማ አይነዳም፣ አያቆምም፣ አይመራም። አሞርዛተር ይህን ጕልበት ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በሻካራ መንገድ ላይ ሙቀቱ እጅግ ስለሚበዛ ዘይቱ ቀጥኖ አሞርዛተሩ ይደክማል፤ የራሊ መሐንዲስ ዘይቱን አብዝቶ፣ ተጨማሪ ቋት አበጅቶለት፣ መንኰራኵሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበትን ርቀትም አስረዝሞ ይህን ይከላከላል። የእኛ ኢሱዙ በባሌስትራ ነው የሚሄደው፤ ለጭነት ጽኑ፣ በየትም የሚጠገን መልካም ዕቃ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ባዶውን ሲሄድ እንደ ሚዳቋ የሚዘልለው ለ4 ቶን የታሰበ ብረት ለባዶ ሣጥን ስለማይታጠፍ ነው።

ስለ ከፍታም ማንሣት ይገባል። በ1,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በወረታ ጕልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ሳፋሪ ራሊ ከብዙ ዓመት ዕረፍት በኋላ በ2021 ወደ ዓለም ውድድር ሲመለስ ማዕከሉ የሆነው የናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ነው፤ ከጣና ዳርቻ ጋር እምብዛም አይለይም። በዚያ አቧራው እንደ ዱቄት የላመ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለ ሆነና ውሃም ስለሚሻገሩ፣ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ቧንቧ እስከ ጣሪያ አውጥተው ይተክሉታል። ይህ ብልሃት ርብ ሲሞላ ለሚሻገር መኪናም ይሆናል።

ወደ ጎማው ስንመጣ ነገሩ ይከርራል። ብዙ ሰው ለጭቃ ሰፊ ጎማ ይሻላል ብሎ ያምናል። የራሊ መሐንዲስ ግን በአስፋልት 235 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ሲያስር፣ በጠጠርና በጭቃ ወደ 205 ያጠብበዋል። ጠባብ ጎማ ላዩን ጭቃ እንደ ቢላዋ ቈርጦ ከሥሩ ያለውን ጽኑ መሬት ይነክሳልና። ይህ ሥርዓት በብዙ አገር እውነት ነው፤ በፎገራ ግን አጠራጣሪ ነው፤ ዋልካው በብዙ ስፍራ ጥልቅ ስለ ሆነ ጎማው የሚነክሰው ጽኑ ወለል በቅርብ አይገኝም፤ ሲቈርጥ ሲቈርጥ ሻሲው ይቀመጣል። ስለዚህ ከራሊ የምንወስደው መልሱን ሳይሆን አጠያየቁን ነው። ሥሩ ምን ያህል ጥልቅ ነው? የሚሸከመው ክብደት ምን ያህል ነው? መኪና ከመግዛቱ በፊት ይህን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ወይም ነጋዴ ማየት እመኛለሁ።

በፎገራ መንገድ መሥራት አልተተወም፤ ሊተውም አይገባም። ከወረታ እስከ ወልድያ ያለውን ጐዳና ቻይናውያን መሐንዲሶች ጥርጊያውን አውጥተው ስለ ሠሩት ሕዝቡ ዛሬም የቻይና መንገድ ይለዋል። ዋልካ ላይ መንገድ ሲሠራ ጥቁሩ አፈር ተቈፍሮ ይጣላል፤ ቀይ አፈርና ጠጠር ከሩቅ ተጭኖ ይሞላል፤ ካልሆነም ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ጠርዙን ይበላዋል። ይህ እጅግ ውድ ስለ ሆነ ለየመንደሩ ሊዳረስ አይችልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ጠርዛቸውን ጥሰው ሜዳውን ባጥለቀለቁ ጊዜ ብዙ መንደር ከመንገድ ተለይቶ ነበር። በተራውም ክረምት ቢሆን በሐይቁ ዳር ያለ ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚሳፈረው በቃሬዛ ነው፤ መኪናው የሚጠብቀው ጠጠሩ በሚያልቅበት ስፍራ ነው።

ሩዝ ወደ ፎገራ በ1970ዎቹ ሲገባ ውሃ የሚተኛበት እርሻ ይበልጥ ተስፋፋ። በእስያ የሩዝ አገሮች ገበሬው በእጅ የሚመራትን ትንሽ ባለ ሁለት እግር ትራክተር ጎማዋን አውልቆ በምትኩ ከብረት ዘንግ የተሠራ ቀፎ የመሰለ መንኰራኵር ያስርላታል። ጭቃው በዘንጎቹ መካከል ስለሚያልፍ አይሞላባትም፤ ዘንጎቹም እንደ መቅዘፊያ ይገፋሉ፤ ማሽኗም ቀላል ስለ ሆነች አትሰምጥም። የራሊ መሐንዲስ ቢያያት ሥራውን ባወቀው ነበር፦ ክብደቱ ተቀንሷል፣ ጭቃው መውጫ አግኝቷል፣ ጕልበቱ ከሚይዘው መሬት ጋር ተመጥኗል። ፍጥነቷ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። ከወረታ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ በባሕር ዳር፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ወራሽ የሆነው የቴክኖሎጂ ተቋም አለ፤ የእንዲህ ያለው መንኰራኵር ዘንግ ስንት ይሁን፣ ርቀቱስ ስንት ጣት ይሁን የሚለውን ለመፈተን የሚያስፈልገው ዋልካ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ይገኛል።